ጥቁሩን ሁክ ልግዛ ወይስ ዘይቴን ልቀባ? ስስ የካርቦን ሽፋኖች ሲወዳደሩ

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ነጭ ሸሚዝ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መጣች። ደረቱ ላይ ሦስት የዘይት ነጠብጣብ አለ። "የሰው ዕቃ ነው፣ ነገ ሠርግ ይለበሳል" አለችኝ። ሲንጀሯን ገልብጬ አየሁት። የተበላሸ ነገር የለም። ሁኩ፣ ከመርፌው ሥር ክሩን የሚጠልፈው ዕቃ፣ ዘይት ይፈልጋል፣ ስታጠጣው ይረጫል፣ ስትከለክለው ይጮሃል። በቃ ጠባዩ ነው።

አንድ መለዋወጫ ሻጭ ደግሞ መፍትሔ አለኝ ብሏታል። ጥቁር ሁክ። "ካርቦን የተቀባ ነው፣ ዘይት አይጠጣም፣ ዕድሜ ልክ ነው።" ዋጋው የተራውን ሦስት እጥፍ። ልግዛው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። "ቆይ" አልኳት። ያ ቆይ ሦስት ቀን ፈጀ፣ ምክንያቱም "ካርቦን የተቀባ" ማለት "ጫማ" እንደማለት ነው። ሸራም ጫማ ነው፣ ቦቲም ጫማ ነው። በክረምት የሐዋሳ ጭቃ ላይ የትኛውን እንደምታደርጉ ግን ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ለእሷ ያልኳትን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ሲንጀር ለሚጠግን፣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት መስመር ላይ ለሚሠራ ሜካኒክ፣ ባጃጁ ዘይት ውስጥ "ናኖ" የተባለ ጠርሙስ ልጨምር ወይ ለሚል ሁሉ ይሆናል።

ሁኩ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

ሁክ ማለት ከመርፌው ሥር ሆኖ የላዩን ክር እየጠለፈ በቦቢኑ፣ የሥሩ ክር በተጠቀለለበት፣ ዙሪያ የሚያዞረው ዕቃ ነው። በተለመደው የፋብሪካ ቀጥ ስፌት ማሽን ላይ ለአንድ ስፌት ሁለቴ ይዞራል። ማሽኑ በደቂቃ 5,000 ስፌት ቢሰፋ ሁኩ 10,000 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። ውስጡ ያለው የቦቢን መያዣ ግን አይዞርም፣ ባለበት ይቆማል። ስለዚህ የሚዞረው የቆመውን ጠርዝ ጠርዙን እየፋቀ ይሮጣል።

እስቲ እናስላው። የሚፋተገው ጠርዝ ዙሪያው 8 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በደቂቃ 800 ሜትር፣ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር። ከሐዋሳ ሻሸመኔ ደርሶ መልስ ማለት ነው፣ በአንድ ሰዓት፣ ብረት ብረትን እየፋቀ። ልብስ ሰፊ ሙሉ ሰዓት እግሯን ፔዳሉ ላይ አድርጋ አትውልም፣ ግን አንድ ሦስተኛውን ጊዜ ብቻ እንኳ ብትሰፋ በስምንት ሰዓት ውስጥ ከ120 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ይህን ሁሉ መንገድ እንዲችል የምንጠብቀው ሽፋን ውፍረቱ ስንት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ማይክሮን። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን አካባቢ ነው። ስለዚህ "ዕድሜ ልክ" የሚለውን ቃል በጥርጣሬ ስሙት። የማን ዕድሜ?

አንድ ቁጥር ብቻ ያዙልኝ

ትምህርት ቤት ሰበቃ የሚባለውን ተምረናል። የሰበቃ ቁጥር 0.6 ነው ሲባል በ10 ኪሎ የተጫነን ነገር ለመግፋት 6 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጠይቃል ማለት ነው። ደረቅ ብረት በደረቅ ብረት ላይ እዚያው 0.6 አካባቢ ነው። ስስ ዘይት በመሐል ሲገባ ወደ 0.1 ይወርዳል። ጥሩ የካርቦን ሽፋን ያለ ዘይት፣ እንዲሁ በተራ አየር ውስጥ፣ ከ0.1 እስከ 0.2 ነው የሚሰጣችሁ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ጥቁሩ ሁክ ያለ ዘይት የሚሠራው ዘይት የተቀባውን ብረት ያህል ነው እንጂ ከእሱ በላይ አይደለም። ሲንጀራችሁ አይፈጥንላችሁም፣ መብራት አይቆጥብላችሁም። የምትከፍሉት ለሸሚዙ ነው፣ ነጠብጣብ እንዳይኖር። ነጭ ልብስ የማይሰፋ፣ ጂንስና ሸራ ብቻ የሚሰፋ ሰው ገንዘቡን ኪሱ ያድርግ።

ዘይት ደግሞ አንድ የማይናቅ ጠባይ አለው። ሲገፋ ይመለሳል። ተጭሮ የሄደ ሽፋን አይመለስም።

ካርቦኑ ምንድን ነው?

ካርቦን ያው የምታውቁት ነው፣ ከሰልም፣ የእርሳስ ግራፋይትም፣ አልማዝም እሱ ነው። ልዩነቱ አተሞቹ እጅ ለእጅ የሚያያዙበት መንገድ ነው። ግራፋይት ውስጥ አንዱ አተም ሦስት ጎረቤት ይይዛል፣ ጠፍጣፋ ንጣፍ ይሆንና ንጣፍ በንጣፍ ላይ ይንሸራተታል። አልማዝ ውስጥ አራት ይይዛል፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ፣ ስለዚህ ንቅንቅ አይልም። አልማዝ መሰል ካርቦን የሚባለው የሁለቱ ቅልቅል ነው፣ ሥርዓት የሌለው ቅልቅል። በእንግሊዝኛ ፊደሎቹ ዲኤልሲ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት አይዘንበርግና ሻቦ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1971።

ቀለም አይምሰላችሁ። በብሩሽ አይቀባም። ዕቃው አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ እንደ አሴቲሊን ያለ ጋዝ (አዎ፣ በያጆች የሚጠቀሙበት ያው ጋዝ) በኤሌክትሪክ ይበታተንና ካርቦኑ እየተወረወረ ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ካርቦኑ በቀጥታ ብረት ላይ ጥሩ አይዝም፣ ስለዚህ ከሥሩ ክሮሚየም ወይም ታይታኒየም ይነጠፋል። ሥሩ በደንብ ካልተነጠፈ ሽፋኑ እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም በቅርፊት ይላጣል። የተላጠው ቅርፊት ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ይህን ሥራ ጋራዥ ውስጥ "እቀባልሃለሁ" የሚል ሰው ካገኛችሁ ሰላም ብላችሁ እለፉ።

አየሩ የሚወስነው ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው "የትኛው ነው ጠንካራው?" ብሎ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የምጠይቀው። ቀድሞ መጠየቅ የነበረበት ግን ዕቃው የሚሠራበት አየር ነው፣ በተለይ እርጥበቱ።

ሽፋኑ ሁለት ዋና ዘር አለው። ባለ ሃይድሮጅኑ አንዱ፣ ሃይድሮጅን አልባው ሌላው። በመልክ ይመሳሰላሉ፣ በጠባይ ግን ተቃራኒ ናቸው።

ባለ ሃይድሮጅኑ ደረቅ ይወዳል። በዚህ ሽፋን ላይ የወጣ እያንዳንዱ የካርቦን እጅ በሃይድሮጅን ስለተያዘ የሚያጣብቀው የለም። ፍጹም ደረቅ በሆነ ናይትሮጅን ውስጥ አሜሪካ ያለው የአርጎን ቤተ ሙከራ ሰዎች፣ እነ አሊ ኤርደሚር፣ የሰበቃ ቁጥሩን እስከ 0.001 ድረስ አውርደውታል። ከዘይት መቶ እጥፍ ማለት ነው! ማስታወቂያ ላይ የምታነቡት ይሄ ቁጥር ነው። ነገር ግን ሐዋሳ ውስጥ ናይትሮጅን የተሞላ ክፍል ውስጥ የሚሰፋ ሰው አላውቅም። እርጥበት ሲገባበት ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ 0.1 እና ከዚያ በላይ።

ሃይድሮጅን አልባው ደግሞ እርጥበት ይወዳል። እርጥበት በሌለበት፣ ለምሳሌ አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ፣ የካርቦኑ ባዶ እጆች ፊት ለፊት ያለውን ይይዛሉ፣ ሰበቃው ከ0.5 በላይ ይሆንና እየተቧጨረ ያልቃል። የውሃ ተን ሲያገኝ ግን ውሃው ባዶ እጆቹን ይሞላል፣ ወደ 0.1 ወርዶ ሰላም ይሆናል።

የእርሳሱ ግራፋይትም እንደዚሁ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከፍ ብለው የሚበሩ አውሮፕላኖች ላይ የጄኔሬተሩ ካርቦን ብሩሽ በፍጥነት እየደቀቀ ዱቄት ይሆን ነበር። ምድር ላይ ደህና የሚሠራው ብሩሽ እላይ ሲደርስ ምን ነካው? ሲጣራ እላይ አየሩ ደረቅ ነው፣ ግራፋይት ደግሞ የሚንሸራተተው በውሃ ተን እርዳታ ነው። (እኛ 1,700 ሜትር አካባቢ ነን፣ የዲናሞ ብሩሻችሁ አይነካም፣ አትጨነቁ።) ሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ የሚባለው ጥቁር ዱቄት፣ ሜካኒኮች ሞሊ የሚሉት፣ የዚህ ግልባጭ ነው። ሕዋ ላይ፣ ሳተላይት ውስጥ፣ ተወዳዳሪ የለውም። እርጥብ አየር ውስጥ ቶሎ ያረጃል።

እና የሐዋሳ አየር የቱ ነው? ሐይቁ አጠገባችን ነው። ክረምቱ ይታወቃል። በጋ ላይ ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ግን ያም ቢሆን ከቤተ ሙከራ ደረቅ ናይትሮጅን ጋር አይገናኝም። ልብስ ቤት ውስጥ ደግሞ የእንፋሎት ካውያው አለ። ስለዚህ ሁለቱም ዘር እዚህ ይሠራል፣ ሁለቱም 0.1 አካባቢ ይገናኛሉ፣ እና ውድድሩ በሰበቃ ሳይሆን በሌላ ነገር ይለያል። በሙቀት፣ በሚያርፍበት ብረትና በአቧራ።

ሁለቱ ጎን ለጎን

ጥንካሬ። በጊጋ ፓስካል ይለካል፣ ቁጥሩ ሲበዛ ጠነከረ ማለት ነው። ጠንካራ ስቲል 7 ወይም 8 ጊጋ ፓስካል ነው። ባለ ሃይድሮጅኑ ከ10 እስከ 30። ሃይድሮጅን አልባው ከ40 እስከ 80 ይደርሳል። አልማዝ 100 አካባቢ። ሃይድሮጅን አልባው አሸነፈ ትላላችሁ። ቆይ።

ሃይድሮጅን አልባው ብረቱ ላይ ሲለጠፍ ውስጡ ግፊት ታምቆ ስለሚቀር ከመጠን በላይ ከወፈረ ራሱን ያፈነዳል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮን በታች ነው። አሠራሩም የኤሌክትሪክ ቅስት ነው፣ እንደ ብየዳ፣ እና እንደ ብየዳ ይረጫል። የተረጨው ጠብታ ፊቱ ላይ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። ያ ጉብታ ካልተለሰለሰ ከፊቱ ያለውን ብረት እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሁኩ ደህና ሆኖ የቦቢን መያዣው አለቀ ማለት ነው፣ ምን ጥቅም አለው? ባለ ሃይድሮጅኑ ለስላሳ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ የተፋተገውም ብረት ላይ ስስ የካርቦን ንጣፍ ያስተላልፋል፣ ከዚያ ካርቦን በካርቦን ላይ ይሄዳል። ትንሽ ቢደክምም ጎረቤቱን አያስቀይምም።

ሙቀት ላይ ባለ ሃይድሮጅኑ ይሸነፋል። 300 ዲግሪ አካባቢ ሃይድሮጅኑ እያመለጠ ሽፋኑ ወደ ግራፋይት መለወጥ ይጀምራል። ሃይድሮጅን አልባው ከዚያ በላይ ይታገሣል።

ሦስተኛም አለ፣ ቱንግስተን የተቀላቀለበት። ከሁለቱም ለስለስ ያለ ነው ግን ጭነት ሲበዛበት አይሰነጠቅም፣ ለጥርስና ለኩሽኔታ የሚመረጠው እሱ ነው። እሱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ሱቅ ሄዳችሁ የምትገዙት አይነት አይደለም።

ከሥር ያለው ብረት

ይሄ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ስፖንጅ ፍራሽ ላይ መስታወት አንጥፋችሁ ቁሙበት። መስታወቱ ጠንካራ ነው፣ ግን ፍራሹ ሲሰምጥ ይሰነጠቃል። ለስላሳ ብረት ላይ የተለጠፈ ጠንካራ ሽፋንም እንዲሁ ነው። ከሥሩ ያለው ብረት ካልጠነከረ ሽፋኑ አልማዝም ቢሆን ዋጋ የለውም። ርካሽ ጥቁር ሁክ ቶሎ የሚሞተው በብዛት በዚህ ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ አቧራ አለ። የሐዋሳ ዙሪያ የእሳተ ገሞራ አገር ነው፣ ኮርቤቲ ከሰሜን በኩል ቁጭ ብሏል፣ አፈሩ ውስጥ የፓሚስ ድንጋይ፣ ማለትም ስንጥር የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ አለ። 20 ማይክሮን የሆነች ቅንጣት 2 ማይክሮን ሽፋን ላይ ስትገባ እንደ አለት ናት። ካርቦኑን ላትቧጥጠው ትችላለች፣ ግን ተጭናው ከሥር ያለውን ብረት ታሰምጠዋለች። ስለዚህ በሩ ወደ አስፋልት ያልሆነ መንገድ የተከፈተ ሱቅ ካላችሁ መጀመሪያ መጋረጃ፣ ከዚያ ሽፋን።

እኔ የተበላሁበት

ይሄን ሁሉ አዋቂ መስዬ የምጽፈው ተበልቼ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ቦታ "ካርቦን ነው" ተብዬ አራት ጥቁር ሁክ ገዛሁ። ሻጩን አልጠራውም፣ እሱም ተታልሎ ይሆናል። ደስ ብሎኝ ያለ ዘይት ገጠምኳቸው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንዱ ማሽን እንደ አይጥ መጮህ ጀመረ። ስከፍተው ጥቁሩ ጠርዙ ላይ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል፣ ብረቱ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ለካ ካርቦን የሚባል ነገር አልነበረበትም። ብረቱን በኬሚካል ቀቅለው ያጠቆሩት ነው። የጠመንጃ አፈሙዝ የሚጠቁርበት አይነት፣ በመሠረቱ ጥቁር ዝገት። እሱ ዘይት ይዞ ለማቆየት ነው የተሠራው፣ እኔ ደግሞ ዘይት ከለከልኩት።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አስፈቅዳችሁ የማይፋተግ፣ የማይታይ ቦታ ላይ በተራ የስፌት መርፌ ጫፍ ጫን ብላችሁ አስምሩ። የተቀቀለ ጥቁር ከሆነ የሚያብረቀርቅ ጭረት ይወጣል። እውነተኛው ካርቦን ከሆነ መርፌው ራሱ ነው የሚበላው፣ ሽፋኑ ላይ የብረት ቀለም ትቶ ያልፋል፣ በጣት ስትጠርጉት ይጠፋል። ሻጩ እምቢ ካለ ያው መልሱን ሰጣችሁ። ጥቁርነቱ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ስስ የሆነው ሃይድሮጅን አልባ እንዲያውም መንገድ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ውሃ ላይ እንደሚሠራው ቀስተ ደመና ሊያበራ ይችላል፣ ጥቁር ስላልሆነ ብቻ አትጣሉት።

እንግዲህ ምን ለምን

ለሁክ፣ ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም የምትሰፉ ከሆነ፣ ባለ ሃይድሮጅኑ። ለስላሳ ነው፣ አጣማሪውን አይበላም፣ ሙቀቱም እዚያ ቦታ 300 አይደርስም። ፋብሪካ ላይ ዘይት አልባ ራስ ከሚባሉት ማሽኖች አንዳንዶቹ ሁካቸው ላይ የካርቦን ሽፋን አላቸው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ ልብስ ሰፊው በዝቶ ከተማዋን ከሞላት ወዲህ "ዘይት አልባ" የሚለው ቃል ሰፈር ሱቅ ድረስ የወረደ ይመስለኛል። ወደ ውጭ የሚላክ ሸሚዝ ላይ የዘይት ጠብታ ቀልድ አይደለም።

ለመርፌ ግን ጥቁሩን አልመክርም። መርፌ ወፍራም ጨርቅ ውስጥ በፍጥነት ሲመላለስ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ ፖሊስተር ክር 260 አካባቢ ይቀልጣል፣ ባለ ሃይድሮጅኑ ሽፋንም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ወርቃማ መርፌ አይታችኋል? ወርቅ አይደለም፣ ታይታኒየም ናይትራይድ ነው። ሰበቃው ከካርቦን በጣም ይበልጣል፣ ጥንካሬው ግን ደህና ነው፣ ሙቀቱንም ይችላል። ጫፉ ቶሎ እንዳይደንዝ ከፈለጋችሁ እሱን ውሰዱ። ክሩ እየቀለጠ ካስቸገራችሁ ግን መፍትሔው ፍጥነት መቀነስ ነው፣ ነፃ ነው።

ለቁልፍ፣ ለጓንጓላ፣ ለመስኮት ማጠፊያ የእርሳሱ ግራፋይት ዱቄት ይበቃል። የሐዋሳ እርጥበት ይረዳዋል። በዘይት አትለውሱት፣ አቧራውን ሰብስቦ ሊጥ ይሆናል።

ባጃጅና ሞተር። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ጥያቄው ብዙ ነው። አምራቹ ራሱ ሽፋኑን ሠርቶ ያስገባበት ሞተር አለ። ለምሳሌ ኒሳን እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ የቫልቭ መግፊያዎች ላይ ሃይድሮጅን አልባውን ማድረግ ጀምሯል፣ ዘይቱም አብሮ ተመርጦለት። የናፍጣ መኪኖች ኢንጄክተር ውስጥም ካርቦን አለ፣ ምክንያቱም እዚያ ናፍጣው ራሱ ነው ማለስለሻው፣ ግፊቱም ከባድ ነው። በጠርሙስ መጥቶ ዘይት ውስጥ የሚጨመረው "ናኖ ካርቦን" ግን ሽፋን አይደለም። በዘይቱ ውስጥ የተበተነ ዱቄት ነው። ያየሁት ሲዘቅጥና ሥሩ ጥቁር ጭቃ ሲሆን ነው። ይባስ ብሎ፣ ሞሊብዴነም ያለባቸው አንዳንድ የዘይት ማሟያዎች ባለ ሃይድሮጅኑን ሽፋን እንደሚበሉት በጥናት የታወቀ ነው። ማለትም ብረትን ይጠብቃሉ፣ ካርቦንን ይጎዳሉ። ሽፋን ያለው ሞተር ላይ ማሟያ መጨመር ሁለት ሐኪም ሳይነጋገሩ ያዘዙትን መድኃኒት አብሮ እንደመዋጥ ነው። ለባጃጅ ዘይቱን በሰዓቱ ቀይሩ፣ ማጣሪያውን አራግፉ። አለቀ።

ከዓይን በታች ስንወርድ

እስካሁን ያወራሁት በማይክሮን ነው። ከዚያ በታች ሌላ ዓለም አለ፣ እኔን የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። ቸኩላችሁ ከሆነ ይሄን ክፍል ዝለሉት።

አንድን ነገር በሁሉም በኩል በ10 ብታሳንሱት ክብደቱ በ1,000 ይቀንሳል፣ ፊቱ፣ ማለትም የላዩ ስፋት፣ ግን በ100 ብቻ። ደጋግማችሁ አሳንሱት። ክብደት እየጠፋ ይሄዳል፣ የቀረው ፊት ብቻ ነው። እዚያ ደረጃ ላይ የሚያስቸግረው የሚጫነው ሸክም መሆኑ ይቀርና መጣበቁ ይሆናል። ሁለት ያልደረቁ ብርጭቆዎች ደራርባችሁ አስቀምጡና ጠዋት ለማላቀቅ ሞክሩ። በመካከላቸው ያለችው ቀጭን ውሃ ናት የምትይዛቸው። እርጥብ አየር ውስጥ ያለ ማንኛውም ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይህች ውሃ ከአየሩ ራሷ ተጠራቅማ ትገባለች፣ ለአንድ ጥቃቅን ማሽን ደግሞ ሙጫ ናት። እንግዲህ እላይ እርጥበት የሃይድሮጅን አልባው ወዳጅ ነው ብያለሁ። እዚህ ታች ሲደርስ ያው ወዳጅ አንገት ይይዛል።

የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ይሄን ችግር ፈቶ ነው እቤታችሁ የገባው። ሳህኑ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል፣ አንባቢው ራስ ከላዩ በጥቂት ናኖ ሜትር (የማይክሮን አንድ ሺህኛ) ከፍታ ይንሳፈፋል። ሳህኑን የሚጠብቀው የካርቦን ሽፋን 2 ወይም 3 ናኖ ሜትር ነው፣ በላዩ ላይ ደግሞ አንድ ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነ ማለስለሻ አለ። ካርቦኑ ይከላከላል፣ ማለስለሻው ያንሸራትታል፣ ውሃም አያስጠጋም። ሽፋኑን ወፍራም ማድረግ አይቻልም፣ ምክንያቱም አንባቢው ራስ ከሳህኑ በራቀ ቁጥር ማንበብ ያቅተዋል። ከሲንጀር ሁክ ሽፋን ሺህ ጊዜ ያህል የሳሳ ነው።

ግራፊንስ? ከግራፋይት የተላጠች አንዲት ንጣፍ ናት፣ የአንድ አተም ውፍረት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ማንቸስተር ላይ ለየብቻ ያወጧት ጋይምና ኖቮሶሎቭ በ2010 ኖቤል አገኙባት። በአተም ደረጃ የሚዳስስ መርፌ ያለው ማይክሮስኮፕ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አለ፣ በእሱ ሲለካ አንድ ንጣፍ ብቻዋን ከብዙ ንጣፍ የበለጠ ሰበቃ አላት። ለምን? ልብስ ሰፊ ይገባዋል። ስስ ነጠላ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በጣት ብትገፉት ከጣታችሁ ፊት ይሰበሰባል፣ ይጨማደዳል፣ ጣቱን ያስቸግረዋል። ድርብርብ ከሆነ አይጨማደድም። ግራፊንም ከመርፌው ፊት ትጨማደዳለች፣ ስለዚህ "ከሁሉም የሳሳ ከሁሉም ያንሸራትታል" የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም።

ሌላም አለ። መስመር መስመር ያለው ወፍራም ጨርቅ ሁለት ቁራጭ ወስዳችሁ መስመራቸውን አግጥማችሁ ፈትጉ፣ ይያያዛሉ። አንዱን አዙራችሁ ፈትጉ፣ ይንሸራተታል። ሁለት የግራፋይት ንጣፍም እንዲሁ ያደርጋሉ፣ አተሞቻቸው ሲገጣጠሙ ይቆለፋሉ፣ ትንሽ ሲዞሩ ሰበቃው ሊጠፋ ይደርሳል። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2004 ተለክቷል። ውብ ነው። ግን ሱቅ ውስጥ "ግራፊን ሁክ" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ የመርፌውን ፈተና አትርሱ።

ጎረቤቴ ምን አደረገች?

አንድ ጥቁር ሁክ ገዛች፣ ለአንዱ ማሽን ብቻ፣ ነጭና የሠርግ ልብስ ለምትሰፋበት። መርፌ ፈተናውን ራሷ ነው ያደረገችው፣ ሻጩ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ሁለተኛው ማሽን እንደ ድሮው ዘይቱን ይጠጣል፣ ጂንስ ነው የሚሰፋው።

ስገጥምላት ሦስት ነገር ነገርኳት። አሮጌውን የቦቢን መያዣ አዲሱ ሁክ ውስጥ አትክተቺ፣ የተበላና የተቧጠጠ ጠርዝ አለው፣ አዲሱን ሽፋን ይጨርሰዋል። ሁኩ ጫፍ ላይ ጭረት ብታዪ እንደ ድሮው በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጊ፣ ሁለት ማይክሮን በአንድ ፍተጋ ይሄዳል። ሦስተኛው የክር ብናኝ ነው። ዘይት የለም ማለት ጽዳት የለም ማለት አይደለም፣ ብናኙ ጠርዙ ውስጥ ታምቆ አቧራውን ይይዛል። ማታ ማታ በብሩሽ ጥረጊው አልኳት። "በየቀኑ?" አለች። በየቀኑ።